ልምድ ደመወዝ ነውን?

በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ በያመቱ በኦገስት ወር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መገባደጃ፥ በዓለም ካሉት የኪነ ጥበብ በዓላት ኹሉ በስፋቱ የታወቀው በዓል ይደረጋል። በዚያ ወራት የከተማይቱ መልክ ይለወጣል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ካሰናበተ በኋላ የማስተማሪያው አዳራሽ ትያትር ቤት ይኾናል፤ ዋሻ የሚመስለው ምድር ቤት የቀልደኞች መድረክ ይኾናል፤ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ወንበሩ ተደርድሮ፥ መብራቱ ተሰቅሎ፥ በጥቍር መጋረጃ ተጋርዶ ለተመልካች ይከፈታል። ሮያል ማይል በተባለው፥ ከዐለቱ ላይ ካለው አምባ ቍልቍል በሚወርደው ጎዳና፥ ወጣቶች የማስታወቂያ ወረቀት ይዘው በዝናብም በፀሓይም ቆመው አላፊ አግዳሚውን ‹‹ኑ፥ እዩልን›› ይላሉ። በ2019 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዚህ በዓል 3,841 ልዩ ልዩ ትርኢቶች ቀርበው ከ3 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጧል።

ሦስት ሚሊዮን ትኬት በራሱ አይሸጥም። ትኬቱን የሚቈርጥ፥ በሩን የሚጠብቅ፥ ወንበር የሚያሳይ፥ መብራትና ድምፅ የሚመራ፥ ማታ የፈረሰውን መድረክ ለጧት የሚያቆም፥ ተመልካች ጥሎት የሄደውን ቆሻሻ የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ለማግኘት ከብሪታንያ ማዕዘን ኹሉና ከባሕር ማዶ ብዙ ወጣት በየዓመቱ ወደ ኤድንብራ ይሄዳል። ከሚያገኘውም መልስ አንዱ፥ ለብዙ ዘመን የተለመደውና ዛሬም ፈጽሞ ያልጠፋው መልስ፥ ይህ ነው፤ ‹‹ሥራ አለ፤ ደመወዝ ግን የለም። መኝታና ጥቂት የኪስ ገንዘብ ይሰጥሃል፤ ከዚያ የሚበልጠው ዋጋህ የምታገኘው ልምድ ነው።››

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ልምድ ደመወዝ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አይደለም።

እነዚህ ሰዎች ለሐሳባቸው የበዓሉን ታሪክ ምስክር አድርገው ስለሚጠሩ፥ ታሪኩን መመርመር ይገባል። በ1947 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በቪየና የተወለደውና ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ ጀርመንን ለቆ ወደ እንግሊዝ አገር የገባው የኦፔራ ሥራ አስኪያጅ ሩዶልፍ ቢንግ ከኤድንብራ ከተማ ሹማምት ጋራ ኾኖ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ በዓል አቆመ። ለዚያ በዓል የተጠሩት ስመ ጥሩ የኾኑት ጓዶች ነበሩ፤ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራም ናዚዎች ካሳደዱት ከቀድሞ መሪው ከብሩኖ ዋልተር ጋራ እንደ ገና የተገናኘው በዚያ ነው። ያልተጠሩ ስምንት የትያትር ጓዶች ግን፥ ስድስቱ ከስኮትላንድ ሁለቱ ከእንግሊዝ፥ ማንም ሳይጋብዛቸው መጥተው በተገኘው አዳራሽ ተጫወቱ። ከነዚያም ትርኢቶች አንዱ ከባሕሩ ወሽመጥ ማዶ በዳንፈርምሊን በጥንታዊው የገዳም ቤተ ክርስቲያን የታየው ‹‹ኤቭሪማን›› ነበረ፤ ይህም ሞት በድንገት የጠራው ሰው የሥራውን ሒሳብ ለማቅረብ የሚጨነቅበት የመካከለኛው ዘመን መንፈሳዊ ትያትር ነው። በሚከተለው ዓመት በ1948 ሮበርት ኬምፕ የተባለው የስኮትላንድ ደራሲ በጋዜጣ ሲጽፍ እነዚህን ያልተጠሩትን በበዓሉ ‹‹ፍሪንጅ›› ያሉ ብሎ አነሣቸው፤ ፍሪንጅ ማለት የልብስ ዘርፍ ማለት ነው። ስሙም በዚያው ጸና። ዛሬ ዘርፉ ከልብሱ እጅግ ይሰፋል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት የተፈወሰችው የልብሱን ዘርፍ በመዳሰስ መኾኑን የሚያስታውስ አንባቢ ግን በስሙ ንቀትን አያይም።

በ1958 የተቋቋመው የፍሪንጅ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚመልስ አይመርጥም። አዳራሽ ያገኘና የመመዝገቢያውን ገንዘብ የከፈለ ኹሉ ትርኢቱን ያሳያል። ይህ ታላቅ ክብር ነው፤ መንግሥት የሚወደውን ብቻ፥ ባለጠጋ የሚመርጠውን ብቻ በማያሳይ መድረክ ላይ ብዙ እውነት ተነግሯል። ዳሩ ግን አዳራሽ እየያዙ ለትርኢት ጓዶች ከሚያከራዩት ሰዎች (እነርሱ በአጭሩ ባለ አዳራሾች ይባሉ) አንዳንዶቹ ከዚህ ታሪክ የሚያወጡት ትምህርት ሌላ ነው። ‹‹እነዚያን ስምንት ጓዶች ማን ከፈላቸው? በፍቅር መጡ። አንተም ትኬት ለመቍረጥ በፍቅር ና›› ይላሉ።

እነዚህ ሰዎች ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። የራሱን እርሻ የሚያርስ ገበሬ ዝናም ቢያጥርበት ጉዳቱ የራሱ ነው፤ ዘሩም የራሱ፥ ተስፋውም የራሱ ነበረና በማንም ላይ አያጕረመርምም። የሌላውን እርሻ የሚያርስ ምንደኛ ግን፥ ሰብሉ ቢያፈራ ጐተራው የጌታው ነው፤ እንግዲህ ባያፈራ ጾሙን እንዲያድር የሚያስገድደው ምን ፍርድ ነው? ስምንቱ ጓዶች የገዛ ትያትራቸውን በገዛ ገንዘባቸው አሳዩ። በባለ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ የባለ አዳራሹን ትኬት የሚቈርጠው ልጅ ግን በዚያ ሌሊት የሚነገረው ቃል የርሱ አይደለም፤ በሣጥኑ የሚገባው ገንዘብም የርሱ አይደለም፤ ስሙም በማስታወቂያው ላይ አይጻፍም። የርሱ የኾነው ድካሙ ብቻ ነው። እርሱኑም ስጥ ይባላል።

በአገር ቤት ደቦን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሊከራከር ይችላል። ያለ ደመወዝ መሥራት ነውር ነውን? ጎረቤት ለጎረቤት ሲያጭድ፥ ማኅበርተኛ ለማኅበርተኛው ቤት ሲሠራ፥ ምእመን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ሲክብ ማን ደመወዝ ጠየቀ? እውነት ነው። ነገር ግን ደቦ ብድር አለው። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታጨዳል፥ ነገ የሌላው፤ ጠሪውም እንጀራና ጠላ ሳያቀርብ ሰው አይጠራም፤ ሳይመጣ የቀረውም ሲቀርበት ያውቀዋል። ደቦ እየጠራ ወደ ማንም ማሳ ወርዶ የማያውቅ ሰው በባላገር ዘንድ የሚጠራበት ስም አለ፥ ያም ስም ‹‹የኪነ ጥበብ ወዳጅ›› አይደለም። ስለ እግዚአብሔር የሚደረግ አገልግሎትም ለማን እንደ ተደረገ ይታወቃል፤ የተከበው ቅጽር በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ኾኖ ወደ አንድ ሰው ኪስ አይገባም።

የብሪታንያም ሕግ ይህን ልዩነት ያውቃል። ዝቅተኛውን የደመወዝ ልክ የሚወስነው ሕግ በ1998 ወጥቶ ከ1999 ኤፕሪል ጀምሮ ሲሠራበት፥ ለበጎ አድራጎት ማኅበር በፈቃዱ የሚያገለግለውን ሰው ለብቻው አወጣው። ለርሱ የመጓጓዣውና የምግቡ ወጪ ሊመለስለት ይችላል እንጂ ደመወዝ አይገደድለትም። ለትርፍ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ግን ሰዓት ተወስኖለት፥ አለቃ ተሾሞበት፥ ቢቀር የሚወቀስ ሰው ‹‹በጎ ፈቃደኛ›› ተብሎ ስለ ተጠራ ሠራተኛነቱ አይቀርም። ስም መለወጥ ዕዳን አይሰርዝም። እርሱ ራሱ ‹‹ደመወዝ አልፈልግም›› ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው በሕጉ ፊት ዋጋ የለውም፤ ሕግ አውጪዎቹ የተራበ ሰው ምን ሊፈርም እንደሚችል አስበውበታልና።

አኃዙ ቢታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ ዕድሜው 21 ዓመት ለኾነውና ከዚያ በላይ ላለው ሠራተኛ የተወሰነው ልክ በሰዓት 12 ፓውንድ ከ21 ፔንስ፥ ከ18 እስከ 20 ላለው 10 ፓውንድ ነበረ፤ ይህ ልክ በያመቱ ይሻሻላል። አሠሪው ለሠራተኛው መኝታ ቢሰጥ ከደመወዙ ሊያስብለት የሚችለው በዚያው ዓመት ልክ በቀን ከ10 ፓውንድ ከ66 ፔንስ አይበልጥም። እንግዲህ በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው ደመወዙ 488 ፓውንድ ከ40 ይኾናል፤ የሰባት ሌሊት መኝታ 74 ፓውንድ ከ62 ቢቀነስለት 413 ፓውንድ ከ78 ይተርፈዋል፤ በአራት ሳምንት 1,655 ፓውንድ ከ12 ማለት ነው። ይህ እንግዲህ በሳምንት 40 ሰዓት ብቻ ቢሠራ ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ትርኢት ከጧት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሲፈራረቅ የሚውል ስለ ኾነ ዐርባ ሰዓት የሚበቃው አዳራሽ ጥቂት ነው። ‹‹መኝታና የኪስ ገንዘብ›› የሚለው ቃል ይህን ኹሉ ገንዘብ ለመሸፈን የተዘረጋ ቀጭን ነጠላ ነው።

ባለ አዳራሾቹ ኹሉ ክፉዎች ናቸው አይባልም፤ ከነርሱ መካከል ሕጉን ጠብቀው፥ ከሕጉም በላይ የሚከፍሉ አሉ። እንዲያውም ክርክሩን የሚያጸናው የነርሱ መኖር ነው። ‹‹ደመወዝ ብንከፍል በዓሉ ይሞታል›› የሚለው ነገር እውነት ቢኾን የሚከፍሉት በሞቱ ነበር። በ2017 የበዓሉ ሠራተኞችና ወዳጆቻቸው ‹‹ፌር ፍሪንጅ›› የተባለ ንቅናቄ አንሥተው፥ ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ ይከፈል፥ ሰዓቱ ይታወቅ፥ ዕረፍት ይሰጥ ብለው በጽሑፍ አቀረቡ። በ2019 የሦስት ሚሊዮኑ ትኬት የተሸጠው ከዚያ በኋላ ነው። በዓሉን ያስቆመው በ2020 የመጣው ወረርሽኝ እንጂ የትኬት ቈራጭ ደመወዝ አልነበረም።

ነገር ግን ገንዘብ የለም የሚሉት ኹሉ ውሸታሞች አይደሉም። የትርኢቱ ጓዶች በእውነት ድኾች ናቸው። ለማኅበሩ የመመዝገቢያ ይከፍላሉ፤ ለባለ አዳራሹ ወይም ቍርጥ ኪራይ ወይም ከትኬቱ ገቢ ድርሻ ይሰጣሉ፤ በከተማው ያለው የመኝታ ዋጋ በዚያ ወር እጅግ ስለሚወደድ የቤት ኪራዩ ከቀረው ኹሉ ይብስባቸዋል። ብዙዎቹ ዕዳ ይዘው ይመለሳሉ። እነርሱ ራሳቸው ሳይከፈላቸው ለሌላው እንዴት ይክፈሉ? መልሱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ወዳጆች ተሰብስበው ገቢውንም ኪሳራውንም እኩል ሊካፈሉ ቢዋዋሉ ያ ማኅበር ነው፥ ማንም አይነቅፈውም። በ1996 ፒተር ባክሊ ሂል የተባለ ቀልደኛ ነፃ ፍሪንጅ የሚባለውን ሲጀምር ያደረገው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ተጫዋቹ የአዳራሽ ኪራይ አይከፍልም፥ ተመልካቹ ትኬት አይገዛም፥ በመውጫው ላይ ግን እንደ ሙዳየ ምጽዋት ባልዲ ይያዝና ሰው የወደደውን ይጥላል። በዚያ ባልዲ ውስጥ ያለው ጥቂት ሊኾን ይችላል፤ ማንም ግን አልተታለለም። ነውሩ ያለው ትርፉ ለአንድ፥ ድካሙ ለብዙ በኾነበት ቤት ነው።

ከሚቀርበው ምክንያት ኹሉ ወጣቱን ይበልጥ የሚማርከው የተስፋው ነው። በ1966 ከኦክስፎርድ የመጡ ተማሪዎች በዚሁ ዘርፍ ላይ ያሳዩት ‹‹ሮዘንክራንትዝና ጊልደንስተርን ሞተዋል›› የተባለው ትያትር የደራሲውን የቶም ስቶፓርድን ስም አስነሣ፤ በሚከተለው ዓመትም በሎንዶን በብሔራዊው ትያትር ታየ። በ2013 ፊቢ ዎለር ብሪጅ ብቻዋን ቆማ የተጫወተችው ‹‹ፍሊባግ›› ከሦስት ዓመት በኋላ የቴሌቪዥን ድራማ ኾኖ በዓለም ታወቀ። ‹‹እነሆ፥ ማን ያውቃል?›› ይባላል። ለነገሩ የሚታወቅ ነገር አለ። ስቶፓርድ ደራሲው ነበረ፤ ዎለር ብሪጅም ጸሓፊዋና ተዋናይቱ ነበረች። የመድረኩን መብራት ሰቅሎ፥ ትኬት ቈርጦ፥ ወለል ጠርጎ ዕድል እንደዚያ የከፈተለት ሰው በምሳሌ አይጠቀስም። የአንዱን ዕጣ አሳይቶ የሌላውን ደመወዝ ማስቀረት ሎተሪ የወጣለትን ሰው እያሳዩ የቀን ሠራተኛን እንደ ማሰናበት ነው።

ልምድም ቢኾን ከሥራው ጋራ የሚመጣ ነገር ነው እንጂ ጌታው ከጐተራው አውጥቶ የሚሰፍረው እህል አይደለም። አናጢው በሠራ ቍጥር ይለምዳል፤ ቤት የሚያሠራው ሰው ስለዚህ ‹‹እጅህ ስለ ተፈታ ዋጋህን ተቀብለሃል›› አይለውም። ደመወዝ የተቀበለውም ልጅ ያልተቀበለውም ልጅ በመስከረም የሚይዙት ልምድ አንድ ነው። ልዩነቱ የቤት ኪራዩን የከፈለው ማን እንደ ኾነ ነው።

የነገሩ ሥር ያለውም እዚሁ ነው። አራት ሳምንት ያለ ደመወዝ ኤድንብራ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ወጣት የማን ልጅ ነው? አባቱ ሊልክለት የሚችል ነው። የአውቶቡስ ነጂው ልጅ፥ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ፥ ከስደት መጥተው በሁለት ፈረቃ እየሠሩ ልጅ የሚያስተምሩት የሐበሻ ቤተ ሰብ ልጅ በክረምቱ ዕረፍት ሠርቶ የሚቀጥለውን ዓመት መማሪያ ማግኘት አለበት። እርሱ የመብራት ሥራ ቢወድ፥ ትያትር በሕልሙ ቢያይ፥ ወደ ገበያ አዳራሹ ሄዶ ሣጥን ይሸከማል፥ እዚያ ይከፈለዋልና። በኤድንብራ የቀረው የባለጠጋው ልጅ ግን ከመድረክ መሪዎች ጋራ ይተዋወቃል፤ በሚከተለው ዓመት ረዳት ይኾናል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ትያትር ቤቱን የሚመራው፥ የትኛው ድርሰት እንደሚታይ የሚመርጠው እርሱ ነው። በሩ ለኹሉ ክፍት ነው የሚባለው በዓል በፊት ለፊቱ ማንንም ሳይከለክል በጓዳው በኩል ድኻውን እንዲህ አድርጎ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ የትያትር ሊቃውንት ተሰብስበው ‹‹የድኾች ኑሮ በመድረካችን ላይ የማይታየው ስለ ምንድር ነው?›› ብለው ጉባኤ ያደርጋሉ። መንግሥትም ነገሩ ገብቶት በ2024 ለ180 ትርኢት አቅራቢዎች ለያንዳንዳቸው 2,500 ፓውንድ የሚኾን እርዳታ ሰጥቷል። መልካም ነው፤ ነገር ግን የተረዱት ባለ ትርኢቶቹ ናቸው፤ በሩን የሚጠብቀው ልጅ ከሚጠብቀው በር ውጭ እንደ ቀረ ነው።

‹‹ለፍቅር የሚደረግ ነገር በገንዘብ አይረክስም ወይ?›› ለሚሉትም መልስ አለ። በዓሉ በሚደምቅበት በዚያው ሰሞን፥ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፥ ነሐሴ 13 ቀን በኢትዮጵያ ቡሄ ነው። ልጆች ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ይዘፍናሉ። ዘፈናቸው ከልብ ነው፥ በዓሉም የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ነገር ግን የቤቱ እመቤት ሙልሙሉን ሳትሰጥ ‹‹ልጆቼ፥ ዛሬ ጥሩ ልምድ አገኛችኹ›› ብላ በሩን ብትዘጋ ሰፈሩ ስሟን ምን ብሎ እንደሚያነሣው የታወቀ ነው። ለሕፃን ዘፋኝ ያልተነፈገው ዳቦ መሰላል ወጥቶ መብራት ለሚሰቅል ጐልማሳ ስለ ምን ይነፈጋል?

መሰላሉም ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 ‹‹ሰርከስ አቢሲንያ›› የተባለው የኢትዮጵያውያን ጓድ ቢቢና ቢቹ በተባሉት ወንድማማቾች መሪነት በኤድንብራ ፍሪንጅ ላይ ቀርቦ ነበር። ወጣቶቹ በአየር ላይ ሲገለባበጡ፥ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ሲቆም ያየ ሰው በጥበባቸው ተደነቀ። እንዲህ ያለ ትርኢት በሚታይበት ቤት ኹሉ ግን ከተጫዋቹ በፊት ገመዱን ያሰረ፥ ብረቱን ያጠበቀ፥ ከበላዩ ያለውን መብራት የፈተነ ሰው አለ። ተጫዋቹ ነፍሱን የሚያምነው ለዚያ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ ዐሥራ ስድስት ሰዓት ሠርቶ፥ በቂ ምግብ ሳይበላ፥ ስድስት ኾነው በሚተኙበት ክፍል አድሮ የመጣ ቢኾን፥ ደመወዝ የማስቀረቱ ነገር የገንዘብ ጕዳይ ብቻ መኾኑ ይቀራል።

ከሐበሻ ወገን ወደዚያ ለሥራ የሚያስብ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። የብሪታንያ የመግቢያ ደንብ በስም ለተዘረዘሩ በዓላት የሚመጣ ተጫዋች እንደ እንግዳ ገብቶ ዋጋውን እንዲቀበል ይፈቅዳል፤ ኤድንብራ ፍሪንጅም ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። ይህ ግን ለተጫዋቹ ነው። በእንግዳ ቪዛ የገባ ሰው ትኬት ለመቍረጥ ወይም መጠጥ ለመቅዳት ቢቀጠር ደንቡን አፍርሷል። በብሪታንያ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቀውም ሰው በጠቅላላው ደመወዝ ያለበት ሥራ አልተፈቀደለትም፤ ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ማኅበር በፈቃዱ ማገልገል ግን ይችላል። ‹‹ደመወዝ ካልተቀበልህ ሥራ አይባልም፥ ስለዚህ ችግር የለውም›› እያሉ እንዲህ ያለውን ሰው ለትርፍ በሚሠራ ቤት የሚያሠሩ፥ ላቡን መውሰዳቸው ሳያንስ የጥገኝነት ጕዳዩንም በአደጋ ላይ ይጥሉታል። ሰውየው ደግሞ ባይከፈለው ወዴት ሄዶ ይከሳል? ከኹሉ ይልቅ የሚጠላው ወደ ሹም ፊት መቅረብን ነው፤ አሠሪውም ይህን ያውቃል።

ሥራ ያለው ማስታወቂያ የሚወጣው በጸደይ ነው፤ መድረክ የማቆሙ ሥራ የሚጀምረው በጁላይ መጨረሻ ነው። እንግዲህ ፈላጊው ሳይሄድ በፊት በቤቱ ተቀምጦ ለመጠየቅ ጊዜ አለው። ውሉ በጽሑፍ ነው ወይ? በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? በሰዓት ስንት ነው? የሚከፈለው በየሳምንቱ ነው ወይስ በዓሉ ካለቀ በኋላ? ድርጅቱ በጎ አድራጎት ነው ወይስ የንግድ ማኅበር? ይህን የጠየቀ ሰው ‹‹ለኪነ ጥበብ ፍቅር የለህም›› ቢባል አይደንግጥ። ባለ አዳራሹም ጓዱን ከማስገባቱ በፊት ይህንኑ ኹሉ ስለ ገንዘቡ ይጠይቃል፥ ስለ ፍቅሩ ግን የተጠራጠረው የለም።

የቀረው ነገር የቤተ ክርስቲያን ነው፥ ይህም ሊታለፍ የማይገባው ነው። ስኮትላንዳውያን ክርስቲያኖች ከዚህ በዓል ጋራ ከመጀመሪያው የተሳሰሩ ናቸው። በ1948 ታይሮን ገትሪ የተባለው የትያትር አዘጋጅ ሮበርት ኬምፕ ያሰናዳውን የስኮትላንድን ጥንታዊ ትያትር ያሳየው በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የጠቅላላ ጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ያ አዳራሽ እስከ ዘመናችን ድረስ በኦገስት ወር የትርኢት ቤት ይኾናል። የግሬይፍራያርስ ቤተ ክርስቲያንም ለሙዚቃ ይከፈታል፤ ሌሎችም ብዙ አዳራሾች ይከራያሉ። ኪራዩ ጣራ ይጠግናል፥ ለድኾች ይረዳል፤ ክፉ ነው አይባልም። ነገር ግን በእሑድ ጧት ስለ ወይኑ አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ የሚሰበክበት ቤት ሰኞ ጧት ለማን እንደሚከራይ መጠየቅ አለበት። በዚያ ምሳሌ ውስጥ ባለቤቱ በዐሥራ አንድ ሰዓት ለመጡት እንኳ የሙሉ ቀን ዋጋ በመሸ ጊዜ ከፍሏል። አንዳንድ ባለ አዳራሾች ‹‹ተዋውለናል›› ለማለት ይህንኑ ምሳሌ ይጠቅሳሉ፤ ዲናሩን ግን ይረሱታል። የሙሴ ሕግ የድኻው ሠራተኛ ዋጋ ፀሓይ ሳይገባ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማው የዐጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። በቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር ያለ ደመወዝ የሠራው ልጅ ድካም ቢጮኽ፥ ጩኸቱ ከዚያው ጣራ ሥር ነው የሚነሣው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ‹‹እኔ ያከራየሁት ግድግዳ ነው›› ብላ ማምለጥ አትችልም፥ ግድግዳው የተከራየው ሰው እንዲሠራበት ነውና።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር አዲስ ሕግ አይደለም። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ኪራዩን ሲዋዋሉ በውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ ይበቃል፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራ ሰው ኹሉ ከሕጉ ልክ ያላነሰ ደመወዝ ይከፈለው፥ ይህ ካልኾነ ውሉ ይፈርሳል የሚል። ተከራዩ ቢቈጣና ወደ ሌላ አዳራሽ ቢሄድ፥ የሄደበት ምክንያት በግልጥ ይታወቃል። አዳራሽ በዚያ ወር እጅግ ስለሚፈለግ ግን አይሄድም። ውሉ የሚፈረመው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ብዕሩን የሚያነሡት ሥራ ፈላጊው ልጅ ገና የአውቶቡስ ትኬቱን ሳይገዛ ነው።